ሐሰት ሁሉ ውሸት ነው? መሪዎች ስለ ጦርነት ሲናገሩ

ጥያቄ፦ «ከታላቅ ወንድሜ ጋር ስለ ኢራቅ ጦርነት ስንከራከር አመሸን። እኔ ‹የአሜሪካና የብሪታኒያ መሪዎች ዋሽተው ነው ጦርነት የገቡት› አልኩ። እሱ ደግሞ ‹ውሸትና ስህተት አንድ አይደለም፤ ኢራቅ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት ብለው ካመኑ ተሳሳቱ እንጂ አልዋሹም› አለኝ። ለመሆኑ መሪ ስለ ጦርነት የተናገረው ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ዋሽቷል ማለት ይቻላል? ደግሞስ ያ ሁሉ ሰው ካለቀ በኋላ የቃሉ ልዩነት ምን ይፈይዳል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ያነሳው ነገር ቀላል አይደለም። ውሸትና ስህተት በእርግጥም ይለያያሉ። ሰው ሲናደድ ይህን ይዘለዋል። ግን ወንድምሽም አንድ ነገር ዘሏል። የኢራቅ ጉዳይ የሚፈታው ደግሞ እሱ በዘለለው ነገር ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የማስተምረው ሎጂክና ሥነ ምግባር ነው። ይህ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ሲነሳ ሁሌም ከቃላቱ ነው የምጀምረው፤ አማርኛ እዚህ ላይ ይረዳናልና። «ሐሰት» ስንል ብዙ ጊዜ የምናየው የተነገረውን ነገር ነው። «ዋሸ» ስንል ግን የምንከሰው ሰውየውን ነው። ሰዓቴ ቆሞ ሳላውቅ «ሦስት ሰዓት ነው» ብልሽ፣ የነገርኩሽ ሐሰት ነው፤ እኔ ግን አልዋሸሁሽም። አሁን ገልብጪው። ሦስት ሰዓት መስሎኝ ላሳስትሽ ብዬ «አራት ሰዓት ነው» አልኩሽ። እንዳጋጣሚ የእኔ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ኖሮ በእርግጥም አራት ሰዓት ሆነ። ንግግሬ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ እኔ ግን ዋሽቼሻለሁ። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ ከ1600 ዓመታት በፊት ያለው ይህንኑ ነው፦ ሰው ዋሽቷል ወይስ አልዋሸም ተብሎ የሚፈረደው በልቡ ባለው ሐሳብ ነው፤ በነገሩ እውነትነት ወይም ሐሰትነት አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ወንድምሽ ትክክል ነው። «መሣሪያው አልተገኘም፣ ስለዚህ ዋሹ» የሚለው ሙግት ብቻውን አይቆምም።

ሰውየው በልቡ ምን እንደነበር ግን ሁልጊዜ የተደበቀ ነገር አይደለም። አንዳንዴ ወረቀት ይገኛል። ከሁሉም ግልጽ ከሆነው ልጀምር።

በ1956 የግብፁ ገማል አብዱል ናስር የስዊዝ ቦይን የሚያስተዳድረውን ኩባንያ ወረሱ። ጥቅምት ወር ላይ የብሪታኒያ፣ የፈረንሳይና የእስራኤል ሰዎች ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው ሴቭር በምስጢር ተገናኙ። ስምምነታቸው ይህ ነበር፦ እስራኤል ግብፅን ትወጋለች። ከዚያ ብሪታኒያና ፈረንሳይ «ተዋጊዎቹን እንገላግል» ብለው ይገቡና ቦዩን ይይዛሉ። ጥቅምት 24 ቀን ይህ በጽሑፍ ሰፍሮ ተፈረመ። የብሪታኒያው ጠቅላይ ሚኒስትር አንተኒ ኤደን ወረቀት መፈረሙን ሲሰሙ ደነገጡ። በማግስቱ ሁለት ባለሥልጣናትን ወደ ፓሪስ መልሰው ላኩ። ቅጂዎቹን ሰብስባችሁ አጥፉ ነው ትዕዛዙ። ፈረንሳዮቹ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራቸው ውስጥ አንድ ትልቅ ክፍል አስገቧቸው። ለረጅም ሰዓት ተጎልተው ሲጠብቁ ቆዩ። በሩን ሊከፍቱ ሲሞክሩ ተቆልፏል። በመጨረሻ «አይሆንም» ተብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ጥቅምት 29 እስራኤል አጠቃች። ታኅሣሥ 20 ቀን ኤደን ፓርላማ ፊት ቆመው፣ እስራኤል ግብፅን እንደምታጠቃ አስቀድሞ የታወቀ ነገር አልነበረም አሉ። ቃሉን ደግመውም «አልነበረም» አሉ። በቀጣዩ ጥር ከሥልጣን ወረዱ። የእስራኤል ቅጂ ግን ተርፎ ከ40 ዓመት በኋላ ለሕዝብ ወጣ።

እዚህ ጋ ወንድምሽም የሚከራከር አይመስለኝም። ኤደን ያውቁ ነበር። ማወቃቸውን የሚያሳየውን ወረቀት ለማጥፋት ሰው ልከዋል። ከዚያ በሕዝብ ተወካዮች ፊት አላውቅም አሉ። ይህ ዓይንን በጨው ታጥቦ መዋሸት ነው።

የኢራቅ ጉዳይ እንዲህ አይደለም። ለዚህ ነው የሚያከራክረው። በ2002 እና በ2003 ብዙ የስለላ መሥሪያ ቤቶች፣ ጦርነቱን የተቃወሙ አገሮች መሥሪያ ቤቶች ጭምር፣ ሳዳም ሁሴን የሆነ መሣሪያ ሳይደብቁ አልቀሩም ብለው ይጠረጥሩ ነበር። ሰውየው ከዚያ በፊት በኬሚካል መሣሪያ ሰው ፈጅተዋል፤ ተቆጣጣሪዎችንም ለዓመታት አስቸግረዋል። ጥርጣሬው ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ግን አገሩን ያሰሰው የአሜሪካ መርማሪ ቡድን በ2004 ባወጣው ሪፖርት የመሣሪያ ክምችት እንዳልነበረ አረጋገጠ። አብዛኛው የጠፋው በ1991 ነበር።

እንግዲህ መሪዎቹ በልባቸው «መሣሪያው አለ» ብለው አምነው ከነበረ አልዋሹም ማለት ነው? ወንድምሽ የቆመው እዚህ ላይ ነው። የዘለለው ነገርም ያለው እዚሁ ነው።

አንድ ሐኪም አስቢ። በሽተኛው ሆድ ውስጥ ያለው እብጠት ካንሰር ነው ብሎ ከልቡ ይጠረጥራል። የላቦራቶሪው ወረቀት መሳቢያው ውስጥ ነው። «ውጤቱ አጠራጣሪ ነው፣ ድጋሚ ይታይ» ይላል። ሐኪሙ ግን በሽተኛውን «ምርመራው ያለ ጥርጥር አረጋግጧል፣ ዛሬውኑ ቢላ ያስፈልግሃል» አለው። ሆዱ ተከፈተ። ካንሰር የለም። ሰውየው በቀዶ ጥገናው ሞተ። ሐኪሙ ሲጠየቅ «ካንሰር መሆኑን በቅንነት አምኜ ነበር» ይላል። ልክ ነው፣ አምኖ ነበር። ስለ ካንሰሩ አልዋሸም። ስለ ምርመራው ግን ዋሽቷል። በሽተኛው ሆዱን የሰጠው ደግሞ የሐኪሙን ግምት ሰምቶ አልነበረም፤ «ምርመራው አረጋግጧል» የሚለውን ሰምቶ ነው።

መሪም ስለ ጦርነት ሲናገር በአንድ አፍ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛው «ነገሩ እንዲህ ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ይህን የማውቀው በዚህ ያህል እርግጠኝነት ነው» የሚለው ነው። በመጀመሪያው ተሳስቶ በሁለተኛው ሊዋሽ ይችላል። አብዛኛው ክርክራችን የሚጠፋፋው ሁለቱን አንድ ላይ ስለምንጠቀልላቸው ነው።

ብሪታኒያን ውሰጂ። መጋቢት 2002 የአገሪቱ የጋራ የስለላ ኮሚቴ ስለ ኢራቅ መሣሪያዎች ያለውን መረጃ ራሱ የገለጸው የተቆራረጠና እዚህም እዚያም ጎዶሎ የሆነ ብሎ ነበር። መስከረም 24 ቀን 2002 ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ፓርላማ ገብተው ስለ መረጃው ሲናገሩ ግን ሰፊ፣ ዝርዝርና አስተማማኝ ነው አሉ። በዚያው ቀን በወጣው ሰነድ መግቢያ ላይ ደግሞ ሳዳም ኬሚካልና ባዮሎጂካል መሣሪያ ማምረት መቀጠላቸው ያለ ጥርጥር ተረጋግጧል ብለው እንደሚያምኑ ጻፉ። በመካከሉ አዳዲስ ሪፖርቶች መግባታቸውን መካድ አይገባም። ከነሱ ውስጥ አንዳንዶቹ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ «ምንጩ አይታመንም» ተብለው ተሰርዘዋል። ግን «የተቆራረጠ» የነበረ መረጃ በስድስት ወር ውስጥ «ያለ ጥርጥር» የሚያሰኝ አልሆነም።

ጉዳዩን ለሰባት ዓመት የመረመረው የጆን ቺልኮት ኮሚቴ በሐምሌ 2016 ሪፖርቱን ሲያወጣ «ዋሹ» የሚል ቃል አልተጠቀመም። ያለው የሚከተለው ነው፦ ከኢራቅ መሣሪያዎች ይመጣል የተባለው አደጋ የቀረበው ተገቢ ባልሆነ እርግጠኝነት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የመርማሪ ቋንቋ ስለሆነ ለስላሳ ይመስላል። ከሐኪሙ ጋር አስተያዪው ግን። ከመሳቢያው ስለተገኘው ወረቀት ነው የሚያወራው።

ብሌር ራሳቸው ሁሉን ያደረግኩት በቅን ልቦና ነው ይላሉ። ከቺልኮት በፊት በ2004 የተደረገው የበትለር ምርመራም ሆን ተብሎ መረጃ የማጣመም ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። ስለ መሣሪያው እኔም አምናቸዋለሁ። ስለ ማስረጃው ጥንካሬ ግን የተናገሩት ከተሰጣቸው ወረቀት ጋር አይገጥምም። ወረቀቱን አንብቦ «ሰፊ፣ ዝርዝርና አስተማማኝ» ማለትን እኔ ውሸት ነው የምለው። የማይስማሙ ባለሙያዎች አሉ። እነሱ «ማጋነን» ይሉታል። ለእኔ ግን ማጋነን የሚለው ቃል ለዓሣ አጥማጅ ወሬ ይበቃል እንጂ ወታደር ለሚያዘምት ንግግር አይበቃም።

በአሜሪካ በኩል የሆነውም ተመሳሳይ ነው፤ እዚያ ግን አንድ የቋንቋ ብልሃት አለ፤ እሱን ላሳይሽ። ጥር 28 ቀን 2003 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ለኮንግረስ ባደረጉት ዓመታዊ ንግግር፣ ሳዳም ከአፍሪካ ብዙ ዩራኒየም ለማግኘት መሞከራቸውን የብሪታኒያ መንግሥት ደርሶበታል አሉ። ተከላካዮቻቸው በኋላ «ንግግሩ ቃል በቃል ልክ ነው፤ ብሪታኒያዎች ብለውት ነበር» ብለው ተሟገቱ። ልብ በይ ግን። «ብለዋል» አላሉም። «ደርሶበታል» ነው ያሉት። አንድ ሰው ያልሆነ ነገር ሊል ይችላል። ያልሆነ ነገር ላይ ሊደርስበት ግን አይችልም። «ደረሰበት» ያለ ሰው የነገሩን እውነትነት በራሱ አፍ አጽድቋል። ከዚያ በፊት በጥቅምት 2002 ደግሞ የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ተመሳሳይ አባባል ከሌላ የፕሬዚዳንቱ ንግግር ላይ አስወጥቶ ነበር። በሐምሌ 2003 ዋይት ሐውስ ራሱ ያ ዓረፍተ ነገር መግባት አልነበረበትም ብሎ አመነ። ጦርነቱ ከተጀመረ ወደ አራት ወር ሆኖት ነበር።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮሊን ፓወል ነገር ደግሞ ያሳዝነኛል። የካቲት 5 ቀን 2003 የፀጥታው ምክር ቤት ፊት ቀርበው፣ የምናገረው ሁሉ በጠንካራ ምንጭ የተደገፈ ነው አሉ። ስለ ተንቀሳቃሽ የባዮሎጂካል መሣሪያ ማምረቻዎች የተናገሩት በዋናነት «ከርቭቦል» የሚል የምስጢር ስም በተሰጠው አንድ ኢራቃዊ ስደተኛ ቃል ላይ የቆመ ነበር። አሜሪካኖቹ ቃሉን የሚያገኙት በጀርመን ስለላ መሥሪያ ቤት በኩል ነበር። ሰውየው በ2011 ፈጥሬ ነው ያወራሁት ብሎ ለጋዜጣ ተናገረ። የበሬ ወለደ ወሬ ነበር። ፓወል ስለዚህ ምንጭ የነበረውን ጥርጣሬ ማንም አልነገረኝም ብለዋል። በኋላም ያ ንግግር በሕይወት ታሪኬ ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ ነው ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ስለዚህ ፓወልን ከኤደን ጋር አንድ መደብ ላይ አላስቀምጥም። ሆኖም የራሳቸው መሥሪያ ቤት ተንታኞች የንግግሩን ረቂቅ አይተው ደካማ ናቸው ያሏቸውን ነጥቦች ጽፈው ሰጥተው ነበር። አንዳንዱ ወጣ። አንዳንዱ ቀረ። ደካማ የተባለ ነገር እዚያው ቀርቶ «ሁሉም ጠንካራ ነው» ሲባል፣ ያቺ «ሁሉም» የምትለዋ ቃል ናት ተጠያቂዋ።

ወንድምሽ ሌላ ሊያነሳብሽ የሚችል ነገር አለ። «መሪ እኮ ሁሉን ነገር ራሱ አያይም፤ የሰጡትን ነው የሚናገረው» ይላል። እውነት ነው። መንግሥት ውስጥ ወሬ በብዙ እጅ ያልፋል። ታችኛው «ሊሆን ይችላል» ብሎ ይጽፋል። መካከለኛው «ሳይሆን አይቀርም» ያደርገዋል። ላይኛው «ነው» ይላል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ገፋ አደረጉት እንጂ አንዳቸውም ቁጭ ብለው ውሸት አልፈበረኩም። ይህ አጋጣሚ ብቻ ቢሆን ይቅር ይባል ነበር። ብዙ ጊዜ ግን የሚገፋው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ አለቃው መስማት ወደሚፈልገው። ጥርጣሬ ይዞ የመጣውን ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ፣ ያማረውን ብቻ እየሰማ የኖረ መሪ በኋላ «አላውቅም ነበር» ቢል አለማወቁን ራሱ ነው የሠራው። ሕግም እኮ እንዲህ ያለውን ሰው በቀላሉ አይለቅም። ዓይኑን ሆን ብሎ የጨፈነን ሰው በብዙ አገር ፍርድ ቤት እንዳወቀ ይቆጥሩታል።

የዚህ ጥሩ ማሳያ የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ጉዳይ ነው። ነሐሴ 2 ቀን 1964 የሰሜን ቬትናም ጀልባዎች ማዶክስ የተባለችውን የአሜሪካ የጦር መርከብ አጠቁ። ይህ የሆነ ነገር ነው። ነሐሴ 4 ሌሊት «ሁለተኛ ጥቃት ደረሰ» ተባለ። ይህ አልሆነም። በዚያ ሌሊት ማዶክስ ላይ የነበሩት አዛዥ ጆን ሄሪክ ብዙም ሳይቆዩ ቴሌግራም ላኩ። ብዙዎቹ ሪፖርቶች አጠራጣሪ ናቸው፤ የአየሩ ጠባይ ራዳሩን አሳስቶት ሊሆን ይችላል፤ በውኃ ውስጥ ድምፅ በሚያዳምጠው መሣሪያ፣ በሶናር፣ ላይ የነበሩት ሠራተኞችም ከመጓጓት ያልሆነ ነገር ሰምተው ሊሆን ይችላል፤ ሌላ እርምጃ ከመወሰዱ በፊት ነገሩ በደንብ ይጣራ አሉ። ጨለማና ማዕበል ውስጥ ያለ መኮንን «ቆይ፣ አጣሩ» ሲል ይታይሽ። በዚያው ሌሊት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በቴሌቪዥን ቀርበው የአጸፋ ጥቃት መጀመሩን አወጁ። ከሦስት ቀን በኋላ ኮንግረስ ጦርነቱን የፈቀደውን ውሳኔ በታችኛው ምክር ቤት 416 ለ0፣ በሴኔት 88 ለ2 አሳለፈ።

ስለ ነሐሴ 4 የተባለው ስህተት ነው ወይስ ውሸት? በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስህተት ነበር ብዬ አስባለሁ። የተጠለፉ የሬዲዮ መልእክቶች በተሳሳተ መንገድ ተተርጉመው «ጥቃት አለ» የሚለውን አጠናክረውት ነበር። ጥርጣሬው ደርሶ ሳለ እንደ እርግጠኛ ነገር ለኮንግረስ ሲቀርብ ግን መልኩ ተቀየረ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ጥርት ያለ ውሸት አለልሽ። ነሐሴ 6 ቀን ሴናተሮች የመከላከያ ሚኒስትሩን ሮበርት ማክናማራን፣ ደቡብ ቬትናሞች ከዚያ ቀደም ብሎ በሰሜን ቬትናም ደሴቶች ላይ ስላደረጉት ወረራ ጠየቋቸው። ባሕር ኃይላችን በፍጹም አልተሳተፈም፣ አልተያያዘም፣ አላወቀምም አሉ። «ወረራ ከነበረ» የሚል ጨምረውበታል። ወረራዎቹ አሜሪካ ያቀደቻቸውና የምትደግፋቸው ነበሩ፤ ማክናማራም ያውቁ ነበር። በአንድ ሳምንት፣ ስለ አንድ ባሕር፣ ስህተትም ውሸትም ጎን ለጎን ታያለሽ። ለዚህ ነው «ያ መንግሥት ዋሸ» ብሎ በጅምላ ከመናገር «በዚህ ቀን፣ ይህን ሲሉ ዋሹ» ማለት የሚሻለው።

በኅዳር 1995 ማክናማራ ሃኖይ ሄደው በጦርነቱ ጊዜ የሰሜን ቬትናም ጦር መሪ የነበሩትን ጄኔራል ቮ ንጉየን ጃፕን አገኟቸው። ነሐሴ 4 ምን እንደተፈጠረ ጠየቋቸው። ምንም አልተፈጠረም ተባሉ።

ትንቢትስ? «ጦርነቱ እያለቀ ነው»፣ «እያሸነፍን ነው» የሚሉ መሪዎች ይዋሻሉ? ስለ ነገ የተነገረ ነገር ስላልሆነ ብቻ ውሸት አይባልም። እዚህም ጥያቄው ሰውየው በሩ ሲዘጋ ምን ይል ነበር የሚለው ነው። በኋላ የፔንታገንን ምስጢራዊ ሰነዶች ያወጡት ዳንኤል ኤልስበርግ የሚተርኩት አንድ ነገር አለ። በ1966 ከቬትናም ሲመለሱ ከማክናማራ ጋር በአንድ አውሮፕላን ነበሩ። ማክናማራ እላይ በአየር ላይ ሳሉ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ወታደር ጨምረን ምንም ካልተሻሻለ ነገሩ ብሶበታል ማለት ነው ብለው ይሟገታሉ። አውሮፕላኑ አረፈ። ጋዜጠኞች ማይክራፎን ደቅነው ይጠብቃሉ። ማክናማራ ወርደው በሁሉም መስክ ትልቅ እድገት እያሳየን ነው አሏቸው። ከአውሮፕላኑ መቀመጫ እስከ ማይክራፎኑ ያለው ርቀት የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ነው። በዚያች መካከል ያለችው ልዩነት ናት ውሸት የምትባለው። በዚያ ጦርነት ከ58,000 በላይ አሜሪካውያን ሞተዋል። የቬትናማውያኑ ቁጥር በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው።

አሁን ወደ ከበደው ክርክር ልምጣ። «ጦርነት ምስጢር ይፈልጋል፤ መሪ ሁሉን መናገር አይችልም» የሚል። ልክ ነው፤ አይችልም። ግን ዝም ማለትና መዋሸት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ስለዚህ ጉዳይ አልናገርም» ማለት ሁልጊዜ ይቻላል። ጠላትን ማታለልም ሌላ ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944 ጦር በፈረንሳይ የኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ሊያርፍ ሲል፣ የተባበሩት ኃይሎች ያልነበረ ጦር ፈጠሩ። በአየር የሚነፋ ታንክ ደረደሩ። ጀርመኖች ጥቃቱ በሌላኛው የፈረንሳይ ጠረፍ፣ በካሌ በኩል ይመጣል ብለው እንዲጠብቁ አደረጉ። ይህን ማንም ነውር ነው አይለውም። የጦርነት ሕግም ይፈቅደዋል። በ1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮል በአንቀጽ 37 የጦር ብልሃትን ከክህደት ይለያል። የውሸት ታንክ ብልሃት ነው። ነጭ ባንዲራ አውለብልቦ «እጄን ሰጠሁ» ብሎ፣ ጠላት ሲጠጋ መተኮስ ግን ክህደት ነው። ልዩነቱ ምን መሰለሽ? በሁለተኛው ላይ ሰውየው «እመነኝ» ብሎ ሕግ ያጸናውን እምነት ጠርቶ፣ በዚያው እምነት ነው የሚገድለው።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ይህ ነው። መሪ ፓርላማ ፊት ቆሞ ሲናገር ከሁለቱ የትኛውን ይመስላል? የራሱ ሕዝብ ጠላቱ አይደለም። ሕዝቡ የሚሰማው «ይህ ሰው እኛ የማናየውን ያያል» ብሎ ስላመነው ነው። ስለዚህ የእሱ ውሸት ከተነፋው ታንክ ይልቅ ለነጭ ባንዲራው ይቀርባል።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከመጋቢት 1969 ጀምሮ የአሜሪካ ቢ-52 አውሮፕላኖች ካምቦዲያን በምስጢር ይደበድቡ ነበር። ለ14 ወር ያህል 3,875 በረራ ተደረገ። ቦምቡ ደቡብ ቬትናም ውስጥ የወደቀ እንዲመስል የበረራ መዝገብ ይፈበረክ ነበር። ሚያዝያ 30 ቀን 1970 ኒክሰን በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ፖሊሲያችን የካምቦዲያን ሕዝብ ገለልተኝነት በጥንቃቄ ማክበር ነው አሉ። ይህ ምስጢር ከማን ነበር የተደበቀው? ቦምቡ የሚወርድበት የካምቦዲያ ገበሬ ያውቃል። የሰሜን ቬትናም ጦርም ያውቃል። ያላወቁት የአሜሪካ ሕዝብና አብዛኛው ኮንግረስ ነበሩ።

አልፎ አልፎ ደግሞ ማንም የማያምነው ውሸት ይገጥምሻል፤ ዓይን ያወጣ የምንለው። መጋቢት 4 ቀን 2014 የሩሲያው ፕሬዚዳንት ፑቲን በዩክሬኗ ክራይሚያ ውስጥ ስለታዩት ምልክት የሌላቸው ወታደሮች ተጠይቀው የአካባቢው የራስ መከላከያ ኃይሎች ናቸው፣ እንዲህ ያለ ልብስ ሱቅ ሄዶ መግዛት ይቻላል አሉ። ሚያዝያ 17 ቀን ግን የሩሲያ ወታደሮች እዚያ እንደነበሩ ራሳቸው ተናገሩ። አንዳንድ ፈላስፎች «ማንም ካላመነው ማታለል አልታሰበምና ውሸት አይደለም» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሐሰት መሆኑን እያወቀ በእውነት ቃል የተናገረ ዋሽቷል። የሚያምነው ጠፍቶ ከሆነ ያ የሰሚው ብልህነት ነው።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ልብ የሚነካ ነው፤ ሰው ካለቀ በኋላ ልዩነቱ ምን ይፈይዳል? ለሞተው ምንም አይፈይድም። የልጇን ሬሳ ለተቀበለች እናት «አልዋሹም፣ ተሳሳቱ ነው» ብላት ምን ትለኛለች? ለሚቀጥለው ጦርነት ግን ይፈይዳል፤ መድኃኒቱ ይለያያልና። ስህተት ከሆነ የሚጠገነው የመረጃው መንገድ ነው፤ ማን አጣራ፣ ማን ተጠራጠረ፣ ለምን አልተሰማም። ውሸት ከሆነ ግን መረጃው ደህና ነበር። የተበላሸው ሌላ ቦታ ነው። ከመሪው እጅ ሥልጣን መቀነስ፣ ወይም መሪውን መጠየቅ ያስፈልጋል። በኅዳር 1973 የአሜሪካ ኮንግረስ የኒክሰንን ተቃውሞ ሽሮ፣ ፕሬዚዳንት ጦር ወደ ውጊያ ባስገባ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሕግ ያወጣው ለዚህ ነው። ስለላውን ቢያሻሽሉ ኖሮ የካምቦዲያው ነገር አይፈታም ነበር፤ መረጃው ሳይጎድላቸው ነበርና የደበቁት። በብሪታኒያም ፓርላማን እያወቀ ያሳሳተ ሚኒስትር ሥልጣኑን እንዲለቅ ይጠበቃል። «እያወቀ» የምትለዋ ቃል ናት ሁሉን የምትወስነው። የሚገርመው በዚያው ፓርላማ ውስጥ አንዱ አባል ሌላውን «ዋሸህ» ማለት አይፈቀድለትም።

ስለዚህ ከወንድምሽ ጋር ስትቀመጡ «ዋሹ ወይስ አልዋሹም» ብላችሁ አትጀምሩ። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ምረጡ። በዚያ ቀን ጠረጴዛው ላይ ምን ወረቀት ነበር? ዝግ በር ውስጥ ያለው ሌላ፣ አደባባይ ያለው ሌላ ነበር? እውነቱ ሲደርሰው አረመ ወይስ ዝም አለ? ኤደን ላይ «ዋሹ» በዪ፤ ወንድምሽም አይከራከርሽም። ማክናማራ ነሐሴ 6 ቀን ባሉት ላይም እንደዚያው። ኒክሰን ላይም። ፓወል ላይ ግን ቀስ በዪ፤ እሳቸውንም ያታለላቸው ሰው ነበር። ብሌር ላይ ወንድምሽ «መሣሪያው አለ ብለው አምነው ነበር» ሲልሽ «እሺ» በዪው። ከዚያ የመጋቢቱን ወረቀትና የመስከረሙን ንግግር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጪና እንዲያነባቸው ጠይቂው።